ማን ይቅደም? የዩኒክስ አገልግሎቶች የአነሳስ ቅደም ተከተል ታሪክ

በዩኒክስ ወይም በዩኒክስ አምሳል በተሠራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠራ ኮምፒውተር ሲበራ ቀድሞ ሥራ የሚይዘው ከርነሉ ነው። ከርነሉ ሜሞሪውንና ዋና ዋና መሣሪያዎቹን ከተቆጣጠረ በኋላ አንድ ፕሮግራም ብቻ ያስነሳል። ይህ ፕሮግራም ኢኒት ይባላል፤ መለያ ቁጥሩም ሁልጊዜ 1 ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ሁሉ በኢኒት ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ዲስኮች ይፈተሻሉ፣ ኔትወርክ ይዘረጋል፣ የሎግ መዝጋቢው፣ የሰዓት አስተካካዩ፣ ዳታቤዙና የድረ ገጽ ሰርቨሩ ይነሳሉ። ተጠቃሚው ሳያያቸው ከበስተጀርባ የሚሠሩት እነዚህ ፕሮግራሞች አገልግሎት ይባላሉ።

አገልግሎቶች እርስ በርስ ስለሚፈላለጉ እንዳገኙ መነሳት አይችሉም። ዳታቤዙ መረጃው ያለበት ዲስክ ሳይያያዝ ከተነሳ ባዶ ፎልደር ይገጥመዋል። የድረ ገጽ ሰርቨሩ ዳታቤዙን ቀድሞ ከተነሳ የሚጠይቀው አያገኝም። ሎግ መዝጋቢው ከዘገየ ደግሞ ቀድመውት የተነሱት አገልግሎቶች ስህተታቸውን የሚነግሩት አካል የለም። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ተቆላልፈው ይገኛሉ፦ ማን ከማን ይቀድማል? ማን ያለ ማን መሥራት አይችልም? አንድ አገልግሎት «ተነሳ» የሚባለው መቼ ነው? መጀመሪያ ላይ ሦስቱም እንደ አንድ ጥያቄ ይቆጠሩ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው የግማሽ ምዕተ ዓመት ታሪክ ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ የተለዩበት ነው።

ከላይ ወደ ታች የሚነበብ ፋይል

ዩኒክስ በ1969 በቤል ላብስ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ ተጀመረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በመጀመሪያዎቹ እትሞች የአነሳሱ ሥርዓት እጅግ ቀላል ነበር። ኢኒት አርሲ የሚባለውን ፋይል ትእዛዝ ፈጻሚ ለሆነው ፕሮግራም ለሼል ይሰጣል፤ ሼሉ በፋይሉ የተጻፉትን ትእዛዞች ከላይ ወደ ታች ይፈጽማል፤ ሲጨርስ ኢኒት በየተርሚናሉ ላይ የስም መጠየቂያውን ያወጣል። አርሲ የሚለው ስም ከዩኒክስም ይቀድማል። በ1960ዎቹ ኤምአይቲ ይጠቀምበት በነበረው ሲቲኤስኤስ በተባለ ሲስተም፣ በፋይል የተጻፉ ትእዛዞችን በተራ የሚያስፈጽም ራንኮም የሚባል መሣሪያ ነበር፤ የሁለቱ ፊደላት ምንጭ እሱ ነው።

በዚህ አሠራር ቅደም ተከተሉ የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ነው። የላይኛው መስመር ሳያልቅ የታችኛው አይጀምርም። የሚነሱት አገልግሎቶች ጥቂት ስለነበሩ ፋይሉን አንዴ ያነበበ ሰው ኮምፒውተሩ እንዴት እንደሚነሳ ሙሉ በሙሉ ያውቃል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የተገነባው ቢኤስዲ ይህንኑ መንገድ ይዞ ቀጠለ፤ እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ትእዛዞች የሚጨምርበት አርሲ ሎካል የተባለ ሁለተኛ ፋይልም አከለበት።

የአሠራሩ ድክመት የታየው ሶፍትዌር በጥቅል እየተዘጋጀ መሸጥና መታደል ሲጀምር ነው። አዲስ የሚጫን ፕሮግራም ራሱን በአነሳሱ ሥርዓት ውስጥ ለማስገባት የሁሉ የጋራ የሆነውን ፋይል መሐል ገብቶ ማረም ነበረበት። የትኛው መስመር ሥር መግባት እንዳለበት ለፕሮግራሙ የሚነግረው የለም። አንድ ስህተት ከተፈጠረም የሚሰናከለው ያ ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን የኮምፒውተሩ መነሳት ራሱ ነው።

የቁጥር ዘመን

ኤቲ ኤንድ ቲ በ1983 ለገበያ ያቀረበው ሲስተም ፋይቭ የተባለው ዩኒክስ ሌላ መንገድ ይዞ መጣ። ኢኒት ኢኒታብ የተባለ ሰንጠረዥ እያነበበ ኮምፒውተሩን ከአንድ የሥራ ደረጃ ወደ ሌላ ያሸጋግራል። ደረጃዎቹ በቁጥር ይጠራሉ፤ 0 ማጥፊያ፣ 6 ዳግም ማስነሻ ሲሆን፣ በመሐል ያሉት ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ፣ ለብዙ ተጠቃሚ፣ ከኔትወርክ ጋር እየተባሉ ይለያሉ። በኋለኞቹ የሲስተም ፋይቭ እትሞች እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱ ስክሪፕት ኖረው። ለየደረጃው በተዘጋጀው ፎልደር ውስጥም ወደ ስክሪፕቱ የሚያመለክት ስም ተቀመጠ። ስሙ በኤስ ከጀመረ አገልግሎቱ ይነሳል፤ በኬ ከጀመረ ይቆማል። ከፊደሉ ቀጥሎ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ይገባል፤ ኤስ20 ከኤስ35 ይቀድማል።

ቁጥሩ ሁለት አኃዝ እንዲሆን ያስገደደው ሼሉ ስሞቹን የሚደረድረው በፊደል ተራ እንጂ በቁጥር መጠን ባለመሆኑ ነው። በፊደል ተራ ኤስ10 ከኤስ9 ይቀድማል፤ ስለዚህ 9 ሁልጊዜ 09 ተብሎ መጻፍ ነበረበት። ይህ ሁሉ ሆኖ የሲስተም ፋይቭ ዘዴ የጥቅሉን ችግር ፈታ። አዲስ ፕሮግራም የማንንም ፋይል ሳይነካ አንድ ስክሪፕትና አንድ ስም ጥሎ መሄድ ቻለ። ሚኬል ቫን ስሞረንበርግ ይህን ዘዴ ለሊኑክስ በሲስቪኢኒት መልክ ጻፈው፤ አብዛኞቹ የሊኑክስ ስርጭቶችም ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ሠሩበት።

ሆኖም ቁጥር ቦታን ይናገራል እንጂ ምክንያትን አይናገርም። አንድ አገልግሎት 45 ላይ የተቀመጠው 40 ላይ ያለውን ስለሚፈልግ ይሁን፣ ወይስ ቦታው ክፍት ሆኖ ስለተገኘ፣ ከስሙ ማወቅ አይቻልም። ምክንያቱ የሚኖረው በጻፈው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ሰውየው ሥራ ሲለቅ ምክንያቱም አብሮት ይሄዳል። ተከታዩ አስተዳዳሪ ቁጥሮቹን ለመንካት ይፈራል፤ ነክቶ ካበላሸ ደግሞ ስህተቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ነው።

ደቢያን በተባለው የሊኑክስ ስርጭት ቦታውን ሳይናገር ለሚመዘገብ አገልግሎት 20 ቁጥር ይሰጠው ነበር። ብዙዎች በ20 ላይ ተከማቹ፤ እኩል ቁጥር ያላቸውን የሚለየው ደግሞ የስማቸው ፊደል ነው። እንዲህ ባለ ድርድር ስሙ በኤ የሚጀምር የድረ ገጽ ሰርቨር፣ ስሙ በኤም ከሚጀምረው ዳታቤዝ በፊት ይነሳል። በሁለቱ መካከል ያለውን ዝምድና የወሰነው የስም አወጣጥ አጋጣሚ ነው።

ኔትወርኩ ያመጣው ጣጣ

ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1980ዎቹ አጋማሽ ኤንኤፍኤስን ካስተዋወቀ በኋላ ዲስክን በኔትወርክ መጋራት ተለመደ። ከዚያ በፊት «መጀመሪያ ዲስክ፣ ቀጥሎ ኔትወርክ» የሚለው ደንብ ያለ ክርክር ይሠራ ነበር። አሁን ግን አንዳንዱ ዲስክ የሚገኘው ከኔትወርኩ ወዲያ ማዶ ነው። ኔትወርኩን የሚዘረጋው ፕሮግራም ራሱ በሩቁ ዲስክ ላይ ከተቀመጠ ነገሩ የዶሮና የእንቁላል ጥያቄ ይሆናል። ለዚህም ነው ዲስኮችን የማያያዙ ሥራ ለሁለት የተከፈለው፤ በኮምፒውተሩ ላይ ያሉት አስቀድመው፣ የሩቆቹ ከኔትወርኩ በኋላ ይያያዛሉ። ለመነሳት የግድ የሚያስፈልጉ ፕሮግራሞች በኮምፒውተሩ በራሱ ዲስክ ላይ ለብቻቸው እንዲቀመጡም ተደረገ።

ሁለተኛው ለውጥ ከመሣሪያዎች በኩል መጣ። ዩኤስቢና መሰሎቹ ከተስፋፉ በኋላ ዲስክም ሆነ የኔትወርክ ካርድ ኮምፒውተሩ እየሠራ ሊሰካና ሊነቀል ቻለ። ከርነሉ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ጨርሶ ለኢኒት ማስረከቡ ቀረ፤ አንድ ዲስክ ከሌላው ሰከንዶች ዘግይቶ ሊታይ ይችላል። «ዲስኮቹ ሁሉ ተገኝተዋል» የሚባልበት ቁርጥ ያለ ጊዜ ጠፋ። ብዙ ስክሪፕቶች ለዚህ የሰጡት መልስ ጥቂት ሰከንድ ተኝቶ መጠበቅ ነበር። ፈጣን ኮምፒውተር ላይ ይህ ከንቱ መዘግየት ነው፤ ዘገምተኛ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ አይበቃም።

ምክንያትን መጻፍ

ከቁጥር የሚሻል መፍትሔ በሒሳብ በኩል ከታወቀ ቆይቷል። አርተር ካን በ1962 ባሳተመው ጽሑፍ፣ «ይህ ከዚያ ይቀድማል» የሚሉ ጥንድ ጥንድ መግለጫዎችን ተቀብሎ ሁሉንም የሚያከብር አንድ ተራ የሚያወጣ ዘዴ አሳይቶ ነበር። ዩኒክስም ይህን የሚሠራ ቲሶርት የሚባል መሣሪያ በ1979 በወጣው በሰባተኛው እትም ውስጥ ይዞ ነበር፤ ያገለግል የነበረው ግን የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት ክፍሎችን ለመደርደር ነው። ዘዴው ወደ አገልግሎቶች አነሳስ እስኪደርስ ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል አለፉ።

የቢኤስዲ ልጅ የሆነው ኔትቢኤስዲ በ2000 መጨረሻ በወጣው 1.5 እትሙ ረጅሙን የአርሲ ፋይል በትንንሽ ስክሪፕቶች ከፋፈለው። እያንዳንዱ ስክሪፕት በአናቱ ላይ ምን እንደሚሰጥ፣ ምን እንደሚፈልግና ከማን መቅደም እንዳለበት ይናገራል። አርሲኦርደር የተባለ ፕሮግራም እነዚህን መግለጫዎች አንብቦ ተራውን ያወጣል። ፍሪቢኤስዲም በ2003 በወጣው 5.0 እትሙ ይህን ተቀበለ። በሊኑክስ በኩል ጀንቱ የተባለው ስርጭት ተመሳሳይ መግለጫ በስክሪፕቶቹ ውስጥ አስገባ፤ ከእሱም ኦፕንአርሲ ወጣ። ጀንቱ «የግድ ያስፈልገኛል» የሚለውን «ካለ ልጠቀምበት» ከሚለው፣ ሁለቱንም «ከእሱ በኋላ ልነሳ» ከሚለው ይለያል። ቅደም ተከተልና ጥገኝነት አንድ እንዳልሆኑ በግልጽ መጻፍ የተጀመረው በእንዲህ ዓይነቱ አሠራር ነው።

የሲስተም ፋይቭ ተከታይ የነበሩት ስርጭቶች ስክሪፕቶቻቸውን ሳይጥሉ በላያቸው ላይ መግለጫ ጨመሩ። የሊኑክስ ስታንዳርድ ቤዝ የተባለው የጋራ ደንብ የመግለጫውን አጻጻፍ ወሰነ፤ ሱሰ የተባለው ስርጭት ያዘጋጀው ኢንሰርቭ የተባለ ፕሮግራምም መግለጫዎቹን እያነበበ ቁጥሮቹን ራሱ መስጠት ጀመረ። ደቢያን በ2011 በወጣው 6ኛ እትሙ ይህን መደበኛ አሠራሩ አደረገው። ቁጥሩ በቦታው ቀረ፤ የሚሰጠው ግን ሰው መሆኑ ቀረ።

ምክንያቶች ሲጻፉ ቀድሞ ተሸፍኖ የነበረ አንድ ጉድ ተገለጠ፤ እሱም አዙሪት ነው። ሀ ለን ይፈልጋል፣ ለ ሐን፣ ሐ ደግሞ ተመልሶ ሀን። በቁጥር ዘመን አዙሪት ቢኖርም አይታይም፤ አንዱ ቀድሞ ይነሳል፣ ቢሰናከልም በኋላ ይስተካከል ይሆናል። ደርዳሪ ፕሮግራም ግን ለአዙሪት የሚሰጠው ተራ የለውም። አንዳንዱ አዙሪት የአጻጻፍ ስህተት ሲሆን አንዳንዱ እውነተኛ ነው። የሰዓት አስተካካዩ የሰዓት ሰርቨሩን አድራሻ ለማግኘት የስም ፈቺውን አገልግሎት ይፈልጋል። የስም ፈቺው ደግሞ ዲኤንኤስሴክ በተባለው የፊርማ ማረጋገጫ የሚሠራ ከሆነ፣ የፊርማው ቀን አለማለፉን ለማወቅ ትክክለኛ ሰዓት ይሻል። የሰዓት ባትሪ በሌለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይህ አዙሪት በማንኛውም ድርድር አይፈታም፤ የሚፈታው ከሁለቱ አንዱ መመዘኛውን ለጊዜው ሲያላላ ነው።

ጎን ለጎን መነሳት

ጥገኝነቱ ከታወቀ የማይፈላለጉ አገልግሎቶች እርስ በርስ የሚጠባበቁበት ምክንያት የለም። በ2004 ዚጋ ማህኮቬትስ ያዘጋጀው ቡትቻርት የአነሳሱን እያንዳንዷን ሰከንድ በሥዕል አወጣ፤ ፕሮሰሰሩም ዲስኩም አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትተው እንደሚጠብቁ በዓይን ታየ። በሴፕቴምበር 2008 አርያን ቫን ደ ቬንና አውከ ኮክ አንዲት ርካሽ ትንሽ ላፕቶፕ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ስትነሳ አሳዩ።

ነገር ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ፍጥነቱ የድሮ ስህተቶችን አወጣ። ስክሪፕቶች በተራ ሲሄዱ ማንም ያልጻፈው ጥገኝነት በአጋጣሚ ይከበር ነበር፤ ፊተኛው ሁለት ሰከንድ ስለሚወስድ ብቻ ሦስተኛው የሚፈልገው ነገር ደርሶ ይጠብቀዋል። ጎን ለጎን ሲነሱ ያ አጋጣሚ ጠፋ። ስህተቱም በየጊዜው የማይታይ ሆነ፤ አሥር ጊዜ በደህና የተነሳ ኮምፒውተር በአሥራ አንደኛው ይሰናከላል፣ ለመመርመር ሲሞከር ደግሞ በደህና ይነሳል። በሥርዓተ አነሳስ ላይ ከሚገጥሙት ችግሮች ሁሉ አስቸጋሪው ይህ ነው።

ሦስት የተለያዩ መልሶች

ከ2005 እስከ 2006 ባለው አጭር ጊዜ ሦስት አዳዲስ ሥርዓቶች ወጡ። ሰን ማይክሮሲስተምስ በጃንዋሪ 2005 ከሶላሪስ 10 ጋር ያወጣው ኤስኤምኤፍ ጥገኝነትን ለመነሻ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል አላደረገውም። ሥርዓቱ የእያንዳንዱን አገልግሎት ሁኔታ በዳታቤዝ ይዞ ይከታተላል፤ አንዱ ሲወድቅ መልሶ ያስነሳዋል፣ በእሱ ላይ የተመሠረቱትንም እንደ መግለጫቸው ያቆማል ወይም እንደገና ያስነሳል። አስተዳዳሪው አንድ አገልግሎት ለምን እንዳልተነሳ ሲጠይቅ፣ መልሱ እስከ ሥሩ ድረስ ተዘርዝሮ ይመጣለታል።

አፕል በኤፕሪል 2005 በማክ ኦኤስ ኤክስ 10.4 ያቀረበው ላውንችዲ ጥያቄውን ራሱን ለማስቀረት ሞከረ። ላውንችዲ አገልግሎቶቹ ደንበኞቻቸውን የሚቀበሉባቸውን ሶኬቶች አስቀድሞ ራሱ ይከፍታል። ደንበኛው ሶኬቱን ሲያንኳኳ አገልግሎቱ ገና ባይነሳም መልእክቱ በከርነሉ ወረፋ ውስጥ ይቆያል፤ አገልግሎቱ ሲደርስ ሶኬቱን ተረክቦ ወረፋውን ያነባል። በዚህ መንገድ ሎግ መዝጋቢውና መልእክት የሚልኩለት አገልግሎቶች በአንድ ላይ መነሳት ይችላሉ። የሐሳቡ ሥር በ1986 ከወጣው ከ4.3 ቢኤስዲ ጋር የመጣው አይኔትዲ ነው፤ እሱም በብዙ በሮች ላይ ብቻውን ቆሞ እየጠበቀ፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚመለከተውን ፕሮግራም ይጠራ ነበር።

ስኮት ጄምስ ረምነንት ኡቡንቱ ለተባለው የሊኑክስ ስርጭት የጻፈውና በኦክቶበር 2006 የወጣው አፕስታርት በክስተት ላይ ተመሠረተ። አገልግሎቱ «ይህ ዲስክ ሲያያዝ፣ ያ ካርድ ሲታይ ልነሳ» ይላል። መሣሪያ በማንኛውም ጊዜ ለሚመጣበት ዘመን ይህ የሚስማማ ነበር። ደካማ ጎኑ አቅጣጫው ነው። አስተዳዳሪ የሚያስበው «የድረ ገጽ ሰርቨሩ ይነሳ፤ ለዚያ ምን ያስፈልጋል?» ብሎ ወደ ኋላ ሲሆን፣ አፕስታርት ግን «ይህ ሆነ፤ ቀጥሎ ምን ይነሳ?» እያለ ወደ ፊት ይሄዳል። የሚጠበቀው ክስተት ካልደረሰ አገልግሎቱ ስህተት ሳያሳይ እንደጠበቀ ይቀራል።

ሲስተምዲ

ሌናርት ፖተሪንግ በኤፕሪል 2010 መጨረሻ ሲስተምዲን ሲያስተዋውቅ የላውንችዲን የሶኬት ሐሳብ ከጥገኝነት መግለጫ ጋር አዋሐደ። ፌዶራ በ2011፣ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ በ2014፣ ደቢያንና ኡቡንቱ በ2015 መደበኛ ኢኒታቸው አደረጉት። የደቢያን ቴክኒክ ኮሚቴ በፌብሩዋሪ 2014 ውሳኔውን ሲሰጥ ድምፁ እኩል ለእኩል ተከፍሎ በሰብሳቢው ድምፅ ነው የተቋጨው። ውሳኔውን ያልተቀበሉ ሰዎች ዴቭዋን የተባለ ሌላ ስርጭት መሠረቱ።

ሲስተምዲ መፈለግንና መከተልን ፈጽሞ ለያያቸው። አንዱ መግለጫ «እኔ ስነሳ እሱም ይነሳ» ሲል ሌላው «ሁለታችንም የምንነሳ ከሆነ እሱ ይቅደም» ይላል። የመጀመሪያው ብቻውን ከተጻፈ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ይነሳሉ፤ ሁለተኛው ብቻውን ከተጻፈ ማንም ማንን አይጠራም። የለመደው ቁጥር ሁለቱን አንድ አድርጎ ስላስተማረው፣ ብዙ አስተዳዳሪ አንዱን ጽፎ ሌላውን ይረሳል። አዙሪት ሲገጥመው ሲስተምዲ ከሥራዎቹ አንዱን ሰርዞ ያልፋል፤ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ የተሰረዘው አገልግሎት ግን በሎግ ውስጥ ካልተፈለገ አይታወቅም።

ሌላው የተለመደ ስህተት በኔትወርክ ዙሪያ ነው። ኔትወርክ የሚባለው የመገናኛ ነጥብ ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም መነሳቱን ብቻ ይናገራል፤ አድራሻ መገኘቱን አያረጋግጥም። አድራሻ እስኪገኝ መጠበቅ የሚፈልግ አገልግሎት ለዚህ የተለየውን ኔትወርክ ኦንላይን የተባለ ነጥብ መጥራት አለበት። እሱም ገመዱ በተነቀለ ኮምፒውተር ላይ የመነሻውን ጊዜ ያንዛዛል።

የሦስተኛው ጥያቄ ዕጣ

«ተነሳ» ማለት ምን ማለት ነው የሚለው ጥያቄ ከሁለቱ ይልቅ ዘግይቶ ለብቻው ተነሳ። በቀድሞው ልማድ አንድ አገልግሎት ራሱን ለሁለት ከፍሎ ልጁን ከበስተጀርባ ያስቀምጣል፣ ወላጁ ይወጣል፤ የወላጁ መውጣት «ዝግጁ ነኝ» እንደ ማለት ይቆጠር ነበር። ብዙ ፕሮግራሞች ግን ወላጁ ከወጣ በኋላ ነው ፋይላቸውን የሚከፍቱትና ወረፋቸውን የሚያዘጋጁት። ተራውን የሚጠብቀው አገልግሎት በዚያ መሐል ገብቶ በሩን ዝግ ያገኘዋል። ሲስተምዲ ፕሮግራሙ ራሱ ዝግጁ ሲሆን መልእክት የሚልክበት መንገድ አበጀ፤ ይህ የሚሠራው ግን የፕሮግራሙ ጸሐፊ መልእክቱን በትክክለኛው ቦታ ላይ ከጻፈው ነው።

ሌላ ወገን ከመጀመሪያውም ቅደም ተከተልን እንደ ዋና ጉዳይ አላየውም። የዳንኤል በርንስታይን ዴመንቱልስና እሱን የተከተለው የገሪት ፓፐ ረኒት የተባሉት የአገልግሎት ተቆጣጣሪዎች ሁሉንም አገልግሎት በአንድ ላይ ያስነሳሉ። የሚፈልገውን ያጣ ይወድቃል፤ ተቆጣጣሪው ከጥቂት ጊዜ በኋላ መልሶ ያስነሳዋል፤ ቀስ በቀስ ሁሉም ቦታቸውን ይይዛሉ። የዚህ ወገን መከራከሪያ ዳታቤዝ በመነሻ ሰዓት ብቻ ሳይሆን በእኩለ ሌሊትም ሊወድቅ ይችላል የሚል ነው። ጠፍቶ ሲመለስ መልሶ መገናኘት የማይችል ፕሮግራም በመነሻው ተራ ቢጠበቅለትም ያው ይሰናከላል።

አገልግሎቶች በኮንቴይነር ውስጥ መሥራት ከጀመሩ ወዲህ ሦስቱም ጥያቄዎች እንደገና ተነስተዋል። ኮንቴይነሮችን በአንድ ላይ የሚያስነሳው ዶከር ኮምፖዝ በተለመደው አጻጻፉ የሚጠብቀው የፊተኛው ኮንቴይነር መነሳቱን እንጂ ዝግጁ መሆኑን አይደለም፤ ዝግጁነቱን ለመጠበቅ የጤና ምርመራ ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ደግሞ «በሕይወት አለ» እና «ሥራ ለመቀበል ዝግጁ ነው» የሚሉትን በሁለት የተለያዩ ምርመራዎች ለያይቷቸዋል። ቅደም ተከተሉ ዛሬ በፕሮግራም ይሰላል፣ ጥገኝነቱም በፋይል ይጻፋል። ዝግጁነት ግን ከውጭ ተገምቶ የሚታወቅ ስላልሆነ፣ ሊናገረው የሚችለው አገልግሎቱ ራሱ ነው።